ማርሚታ መቁረጥ ለሞተር ጉልበት ይጨምራልን?

ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ ገና በዓይን ሳይታይ በጆሮ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ከመንደሩ ጥግ ሲነሣ ድምፁ ቀድሞት ይደርሳል፤ ጭነት የተሸከመች አህያ ትደነብራለች፤ የተኛ ሕፃን ይነቃል፤ በሱቅ ደጃፍ የቆሙ ሰዎች ጨዋታቸውን አቋርጠው ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። የዚህ ድምፅ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ብርታት አይደለም፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ መቆረጡ፣ መበሳቱ ወይም ውስጡ ተፈልፍሎ መውጣቱ ነው።

ይህን የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ማርሚታው የሞተሩን አፍ እንደ ያዘ እጅ ይቆጠራል፤ ሲነሣለት ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ጭነት ይጎትታል ተብሎ ይታመናል። ድምፁ ራሱ የሚያስደስታቸው ወጣቶችም አሉ። በአዲስ አበባ «ዲኤክስ» በሚባለው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላና በቪትዝ ላይ ሰፊ የጭስ ማውጫ ማስገጠም የቆየ ልማድ ነው።

እውነት ማርሚታ ሲነሣ ጉልበት ይጨምራልን? እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ ደጋ ከተሞች ይህ ጥያቄ የተለየ መልክ አለው። በዚያ ከፍታ ሞተር አብዛኛውን ጉልበት የሚያጣው በጭስ ማውጫው በኩል ሳይሆን በአየር ማስገቢያው በኩል ነውና።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ ባለአራት ምት ሞተር አራት ሥራዎችን በየተራ ያከናውናል። አየር ይስባል፣ የሳበውን ይጨምቃል፣ ነዳጁን አቃጥሎ ጉልበት ያገኛል፣ በመጨረሻም የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል። ጋዙ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ዝግ ብሎ አይደለም። የጭስ ማውጫ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር ትኩስና የታመቀ ጋዝ በኃይል ተስፈንጥሮ ወደ ቧንቧው ይገባል። አራት ሲሊንደር ያለው መኪና ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 100 እንዲህ ያሉ ግፊቶችን ያወጣል። ባለአንድ ሲሊንደር ባጃጅ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 33 ያህል ያወጣል። ጆሮ እንደ አንድ የተያያዘ ጩኸት የሚሰማው እነዚህን ግፊቶች ነው።

ማርሚታ ውስጡ በቆርቆሮ የተከፋፈለ፣ ቀዳዳ ባላቸው ቧንቧዎች የተያያዘ፣ አንዳንዱም ድምፅ በሚመጥ ክር የተሞላ የብረት ሣጥን ነው። ጋዙ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይረግባል። የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ አንዱ ሞገድ ሌላውን ያዳክመዋል። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ነዋሪ የነበሩት ወንድማማቾች ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ ለሞተር ማርሚታ የፈጠራ መብት ያገኙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ነበር። አውቶሞቢል ገና በጨቅላነቱ ሳለ ሰው ከሞተር ጋር አብሮ ለመኖር ድምፁን ማርገብ እንዳስፈለገው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማርሚታ ሥራውን የሚሠራው ያለ ዋጋ አይደለም። ጋዙ በተጣመሙና በጠበቡ መንገዶች ሲያልፍ ወደ ኋላ የሚመለስ ግፊት ይፈጠራል፤ ፒስተኑም ጋዙን ገፍቶ ለማስወጣት ጥቂት ጉልበት ያጠፋል። «ማርሚታ ጉልበት ይበላል» የሚለው አነጋገር መሠረቱ ይህ ነው፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው ሊባልም አይችልም። ይሁን እንጂ አምራቹ የቧንቧውን ስፋት፣ ርዝመትና የማርሚታውን መጠን ከሞተሩ ጋር አስልቶ ስለሚሠራ፣ በተለመደ ፍጥነት በዚህ የሚጠፋው ጉልበት አነስተኛ ነው።

ከዚህም ሌላ ቧንቧው ጋዝ ከማሳለፍ የበለጠ ሥራ አለው። ጋዙ በፍጥነት ተወርውሮ ሲሄድ ከኋላው የግፊት ጉድለት ይተዋል፤ ይህም በሲሊንደሩ የቀረውን የተቃጠለ ጋዝ ስቦ ያወጣል፣ ለአዲሱ አየርም ቦታ ይለቃል። ቧንቧው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ወይም ሲያጥር ይህ ስበት ይደክማል። ውጤቱ በዝቅተኛ ዙር ይታወቃል፤ ተሽከርካሪው ከቆመበት ሲነሣና ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ይዝላል። በባለሁለት ምት ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የዚህ ዓይነት ሞተር ያልተቃጠለው ነዳጅ ከጭሱ ጋር አብሮ እንዳያመልጥ የሚጠብቀው ከጭስ ማውጫው ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ ነው። ማርሚታው ከተቆረጠ ነዳጁ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ድምፁ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል።

የስፖርት መኪኖች መፍትሔ

ፈጣን የስፖርት መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎች ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶች አሉባቸው። በከፍተኛ ዙር ጋዙ ያለ እንቅፋት እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ መኪናው በከተማ ሲያልፍ ደግሞ ሕግ ከፈቀደው በላይ እንዳይጮህ ይገደዳሉ። ሁለቱን ያስታረቁት በቫልቭ ነው።

በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ፣ መሐሉ ላይ ባለ ዘንግ የሚዞር የብረት ክዳን ይገጠማል። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ክዳኑ ይዘጋል፤ ጋዙም በማርሚታው ክፍሎች ሁሉ ዞሮ እንዲወጣ ይሆናል። አሽከርካሪው የነዳጅ መርገጫውን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ወይም ቁልፍ ሲጫን ክዳኑ ይከፈትና ጋዙ አቋራጩን መንገድ ይይዛል። ክዳኑን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚገኝ የአየር ስበት ወይም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ፖርሽ፣ ፌራሪና ቢኤምደብልዩ ይህን የመሰለ የጭስ ማውጫ በተለያዩ ሞዴሎቻቸው ላይ ገጥመዋል። ከመኪና አምራቾቹ ውጪም የጭስ ማውጫ ብቻ እየሠሩ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የቀድሞው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ኢጎር አክራፖቪች በስሎቬኒያ የመሠረተው አክራፖቪች የተባለው ኩባንያ ነው።

ገዢዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። የሚያገኙት ደስ የሚላቸውን ድምፅ፣ ታይታኒየምን ከመሰለ ቀላል ብረት በመሠራቱ የሚቀንስ ክብደት፣ እንዲሁም መጠነኛ ጉልበት ነው። ቀድሞውንም በሚገባ የተሠራ የጭስ ማውጫ ባለው መኪና ላይ ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። ቱርቦ ባላቸው መኪኖች ላይ ከዚያ ሊሻል የሚችለው የሞተሩ ኮምፒውተር አብሮ ሲስተካከል ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለፍጥነት ሲሉ ገንዘብ የማይሰስቱት አምራቾች እንኳ ማርሚታውን አውጥተው አልጣሉትም። ለብዙው ጊዜ እንዲሠራ ትተውት፣ ለጥቂት አጋጣሚ ብቻ የሚከፈት በር ሠሩለት። በመጋዝ የተቆረጠ ማርሚታ ግን በር የለውም፤ በሌሊትም በቀንም፣ በገበያም በጤና ተቋም ደጃፍም ያው ክፍት ነው።

በብቸናና በሞጣ ጉልበቱ የት ሄደ?

ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በአንድ ስበት የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኦክስጅን ሲቀንስ ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ሲቀንስ ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል እንደሚያጣ በግርድፉ ይሰላል። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በብቸና ወይም በሞጣ 75 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው።

የጠፋው ሩብ ጉልበት የጠፋው በመግቢያው ነው። በመውጫው በኩል ማርሚታን መቁረጥ ስሱን አየር አያወፍረውም። እንዲያውም በከፍታ ቦታ ሞተሩ የሚያስገባው አየር ያነሰ በመሆኑ የሚያስወጣው ጋዝም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከቆላው ይልቅ በደጋው ሰፋ ብሎ ይገኛል። ለቆላ የበቃ ቧንቧ ለደጋ አይጠብም።

ለደጋ ሞተር የሚጠቅመው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የአየር ፊልትሮ ንጹሕ መሆን አለበት። በበጋ አቧራማ መንገድ ላይ የሚውል ባጃጅ ወይም ትራክተር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ ስስ አየር በደፈነ ፊልትሮ ሲሳብ ጉድለቱ ድርብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር መመጣጠን አለበት። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደ ተስተካከለ ወደ ደጋ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ያለ ሥራ ያልቃል። በሙያው የበቃ መካኒክ ይህን ማስተካከል ይችላል። በናፍጣ ሞተርም የነዳጅ ፓምፑ ከሚገባው በላይ ከለቀቀ የሚታየው ጥቁር ጭስ ገንዘብ የወጣበት ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሦስተኛ፣ ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለደጋ ሥራ ቱርቦ ያለው ሞተር የተሻለ መሆኑን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ቱርቦ በሚወጣው ጋዝ ኃይል እየዞረ አየርን አፍኖ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ከፍታው የነሣውን አብዛኛውን ጉልበት ይመልሳል።

የጭስ ማውጫው ራሱ በእርግጥ ችግር የሚሆንበት ጊዜም አለ። በጥላሸት የተደፈነ፣ ድንጋይ መትቶ የጨፈለቀው ወይም ውስጡ ተነቅሎ መንገድ የዘጋ ማርሚታ ሞተሩን ያፍናል። ሞተሩ ከፍ ያለ ዙር ላይ ለመድረስ እንቢ ማለቱ፣ ከልክ በላይ መሞቁና በጭራው የሚወጣው ጋዝ መድከሙ ምልክቶቹ ናቸው። መፍትሔው ማጽዳት ወይም በተመሳሳይ መጠን ማርሚታ መለወጥ ነው።

በዓባይ በረሃ ሕይወት የሚያድን ቫልቭ

በምሥራቅ ጎጃም መንገዶች ላይ ለድምፅ ማማር ሳይሆን ለሕይወት ሲባል የተገጠመ የጭስ ማውጫ ቫልቭ አለ። ብዙ አይሱዙ የጭነት መኪኖችና ከዚያ የሚከብዱ ተሽከርካሪዎች የጭስ ማውጫ ፍሬን አላቸው። አሠራሩ ከስፖርት መኪናው ቫልቭ ጋር ወንድማማች ነው፤ ያው ክብ ክዳን፣ ያው ዘንግ። ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። አሽከርካሪው ቁልቁለት ላይ ማብሪያውን ሲነካ ክዳኑ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ነዳጁም ይቋረጣል። መውጫ ያጣው ጋዝ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ይታመቃል፤ ፒስተኖቹ ያንን እየታገሉ ሲወጡ ሞተሩ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይይዛቸዋል።

ከብቸና ወይም ከሞጣ እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን እንዳለፈ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ተሽከርካሪው በመጀመሪያ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጠቅላላው 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1300 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይል ከ350 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህም ሁለት በርሜል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ውኃ ነው።

ይህ ሁሉ ሙቀት በጎማዎቹ ፍሬን ላይ ብቻ ካረፈ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል፤ መርገጫው ቢረገጥም መኪናው አይታዘዝም። የጭስ ማውጫ ፍሬንና ዝቅተኛ ማርሽ ሸክሙን ይካፈላሉ። ስለዚህ ከቫልቩ በፊት ያለው ቧንቧ ከተቀደደ፣ መያዣው ከላላ ወይም ቫልቩ «ጉልበት ይይዛል» ተብሎ ከተነቀለ የሚጠፋው ድምፅ የሚያረግብ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከፍሬኖቹ አንዱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድም ይህንኑ ጥበቃ ያሳጣል፤ ሞተሩ ከጎማው ከተለያየ የጭስ ማውጫ ፍሬን ምንም አይዝምና።

የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ

ከሞተር የሚወጣው ጋዝ በተለይ በቤንዚን ሞተሮች ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ ድካምና እንቅልፍ ይከተላል፤ በመጨረሻም ሞት ሊያስከትል ይችላል።

አምራቾች የጭስ ማውጫውን እስከ ተሽከርካሪው ጭራ ድረስ የሚያስረዝሙት ጋዙ ከተሳፋሪው እንዲርቅ ነው። ከመሐል የተቆረጠ ቧንቧ ጋዙን ከወለሉ ሥር ይለቀዋል፤ ከዚያም በቀዳዳና በስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። በብርድ ምክንያት መስኮት ዘግተው በሚሄዱበት ሚኒባስ ወይም በሸራ በተሸፈነ ባጃጅ ውስጥ አደጋው ይጨምራል። በአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ላይ ደግሞ ከማርሚታው በፊት ይህን መርዝ ወደማይመርዝ ጋዝ የሚለውጥ የማጣሪያ ክፍል አለ። ውስጡ ፕላቲኒየምና ፓላዲየምን በመሳሰሉ ውድ ማዕድናት የተለበጠ ነው። ይህን ክፍል አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ለጥቂት ብር ብሎ መርዙን ለራሱና ለጎረቤቱ ይተዋል።

ይህ ጉዳይ ለአርሶ አደሩም ቅርብ ነው። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ጄኔሬተርና የእህል መውቂያ ማሽን ሁሉም ያንኑ ጋዝ ያወጣሉ። ሞተሩን በጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት፣ ወይም ሞተር ሲሠራበት ወደ ቆየ ጉድጓድ መግባት ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው። የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባም ዐብሮት ይወድቃል። ሞተሩ ሁልጊዜ ከጉድጓዱ ውጪ፣ የጭስ ማውጫው ጭራ ከሰው ርቆ፣ ነፋስ በሚወስድበት አቅጣጫ መቆም አለበት።

አውድማና እሳት

የጭስ ማውጫ ቧንቧ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ የተጠራቀመ ጥላሸት አንዳንድ ጊዜ እየነደደ በፍንጣሪ መልክ ይወጣል። ጤነኛ ማርሚታ ጋዙ በክፍሎቹ ሲዞር ብዙውን ፍንጣሪ ይዞ ያስቀራል። የተበሳ ወይም የተቆረጠ ማርሚታ ግን ፍንጣሪውን በቀጥታ ወደ ውጭ ይለቀዋል።

ከኅዳር ጀምሮ የጤፍና የስንዴ ክምር በየአውድማው ሲቆም ይህ ትንሽ ፍንጣሪ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። የዓመቱ ልፋት በአንድ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ጭዱም ለከብቱ የዓመት ቀለብ ነው። ስለዚህ መውቂያ ማሽን ወይም ትራክተር ወደ አውድማ ከመግባቱ በፊት ማርሚታው ያልተበሳ መሆኑን ማየት፣ በቧንቧው ላይ የተጠመጠመ ገለባ ማንሣት፣ ማሽኑን ነፋሱ ጭሱን ከክምሩ በሚያርቅበት በኩል ማቆም ይገባል። እህል ሊጭን የመጣ መኪናም በደረቅ ሣርና በገለባ ላይ መቆም የለበትም፤ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ግሎ ይቆያልና። በአካባቢው ውኃ፣ አፈርና አካፋ ማዘጋጀት ወጪ የለውም።

ጆሮ የሚከፍለው ዋጋ

የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። የዚህ መለኪያ ቁጥር እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨመር ጆሮ እጥፍ የጮኸ ያህል ይሰማዋል። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት በሚሠራበት መለኪያ መሠረት አንድ ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ያለ ጉልህ ጉዳት ሊቆይበት የሚችለው መጠን 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

ማርሚታውን የቆረጠ ባጃጅ ነጂ ከጩኸቱ ጋር ከማለዳ እስከ ማታ የሚውለው እርሱ ራሱ ነው። በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት አያምም፤ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ አንዴ የሞቱት የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ደግሞ አይተኩም። ማታ ወደ ቤት ሲገባ ጆሮው የሚጮህበት፣ ሰው ሲያናግረው ደጋግሞ የሚያስደግም ነጂ ምልክቱን ሊያስተውለው ይገባል። ከዚህም ሌላ በእንዲህ ዓይነት ጩኸት ውስጥ ያለ ነጂ የሌላ መኪና ጥሩምባ አይሰማም፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ሲልም አይሰማም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ በጋለው ቧንቧ ውስጥ ይፈነዳና እንደ ተኩስ የሚሰማ ድምፅ ያሰማል። ለነጂው እንደ ጨዋታ ቢታይም፣ የተኩስ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሕዝብ ባለበት ቦታ የሚፈጥረው ሥጋት ቀላል አይደለም። ጭነት የጫነ በቅሎ ወይም የተጠመደ በሬ ከደነበረ ደግሞ ጉዳቱ በሰውና በንብረት ላይ ይደርሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጩኸትን ከብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ የሚመለከት ሲሆን፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ የድምፅ መጠን በደረጃ እንዲወሰን ደንግጓል። በሀገር አቀፍ ደረጃ በወጣው መለኪያ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ ደግሞ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በበኩሉ ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በተለምዶ ቦሎ የሚባለው ምልክት ተሽከርካሪው ምርመራውን ማለፉን ያሳያል።

በሌላው ዓለምም ቁጥጥሩ እየጠበቀ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት የአዳዲስ መኪኖችን የድምፅ ጣሪያ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ሲያደርግ ቆይቷል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከመጠን በላይ ጸጥተኛ በመሆናቸው፣ በዝግታ ሲሄዱ እግረኛ እንዲሰማቸው ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ያው ኅብረት አስገድዷል። የሁለቱም ሕጎች ዓላማ አንድ ነው፤ ድምፁ ለሰው ደኅንነት የሚበቃ እንጂ ሰውን የሚጎዳ እንዳይሆን።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኗም ለባለንብረቶች ትርጉም አለው። አሁን በእጅ ያለው መኪና ረጅም ዓመት ማገልገል ይኖርበታል፤ የመጀመሪያ ዕቃውን ቆርጦ መጣል ቀላል ነው፣ መልሶ ማግኘቱ ግን እየከበደ ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

ሞተሬ ደከመ የሚል አሽከርካሪ ወደ መጋዝ ከመሄዱ በፊት በቅደም ተከተል ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ካንዴላው ወይም የናፍጣ መርጫው፣ ከዚያ የነዳጅ ፊልትሮውና የካርቡሬተሩ መስተካከል ይፈተሽ። የጎማ ነፋስ መጉደልና ተጣብቆ የቀረ ፍሬንም ጉልበት ይበላሉ። ፍሪሲዮን ካለቀ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ በኋላ የጭስ ማውጫው መደፈኑ ይታይ።

ማርሚታው ከተበሳ በብየዳ ይደፈን፤ ዝገት ከበላው በተመሳሳይ ስፋትና ርዝመት ይለወጥ። ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት እንዳያፈስ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ በእጅ ሳይነኩ በጆሮና በዓይን ማየት ይቻላል፤ «ፍጥ፣ ፍጥ» የሚል ድምፅና በመጋጠሚያው ዙሪያ የሚታይ ጥላሸት ምልክት ናቸው። የጭነት መኪና ያላቸው ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳቸው በፊት የጭስ ማውጫ ፍሬኑ መያዙን ሜዳ ላይ ሊሞክሩት ይገባል።

ጤነኛ ሞተር ብዙ አይጮኽም። ከሞጣ ወደ ብቸና ወይም ከብቸና ወደ ደጀን ጭነቱን ይዞ ዳገቱን በእኩል ድምፅ የሚወጣ፣ ቁልቁለቱን ተይዞ የሚወርድ፣ በመንደር ሲያልፍ ሕፃን የማያነቃ መኪና ያ ነው በእርግጥ ጉልበት ያለው።